የሐሙስ አፍ

ሐሙስ ሐሙስ ኤልዳና ጥርሷን አትቦርሽም። ነጭ ሽንኩርት አትቀምስም፣ ሻይ ቡና አትልም፤ ከቁርስ በኋላ ከውሃ በቀር ወደ አፏ የሚገባ ነገር የለም። ምላሷን ጠዋት ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትወለውለዋለች። ይህን ሁሉ ያዘዛት ሐኪም አይደለም፤ የካርታ ጓደኞቿ ናቸው። «ባዶ ሆድ የዋለ ምላስ ጥርት ይላል» ይላል ማክቤል፣ ስለ መስታወት እንደሚያወራ ሰው።

የልብስ ስፌት ቤት ባልደረቦቿ ለምሳ ሲወጡ «ኤልዱ ደግሞ የሐሙስን ጾም ከየት አመጣችው?» እያሉ ይስቁባታል። አብራ ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጇ ድሬዳዋ አግብታ ቀርታለች። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰው «መጣሽ?» ብሎ በር የሚከፍትላት ቀን ሐሙስ ብቻ ነው፤ ለዚያ ቀን ደግሞ ጥርስ አለመቦረሽ ትልቅ ዋጋ አይደለም ብላ ራሷን ካሳመነች ቆይታለች።

ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። የቤቱ ባለቤት ማክቤል የመንገድ መሐንዲስ የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ የጠፋና ድምፁ የቀረ ሰው ነው። ሶልያና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበረች፤ ዛሬም ሰው ሲያጠፋ የምታየው ከመነጽሯ በላይ ነው። ናኦል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከኤልዳና ጋር አንድ ዴስክ የተቀመጠ፣ የባሏን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ፣ ዝምተኛና አንጀት የሚበላ ሰው። አራተኛዋ እሷ ናት።

ሦስቱም ልጓም አለባቸው። ጉሮሮ ሥር የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን ገና ሲመጣ ልጓም ብሎታል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ደመወዝተኛ ልጓም ካላስገባ የሕክምና ዋስትና የለውም፤ ዋስትና የሌለውን ደግሞ መሥሪያ ቤት አያቆየውም። ልጓም ያለበት ሰው ጮማ አፉ ውስጥ ከከተተ ጉሮሮው ይዘጋል፣ እንደታነቀም ወዲያው ለዋስትናው ይነገርበታል። ሁለቴ የሞከረ ሦስተኛ አይሞክርም። እራታቸው ጨው የሌለው፣ ከከረጢት የሚጠባ የገብስ አጥሚት ነው፤ እየጠቡ ያወራሉ፣ እያወሩ ይጠባሉ፣ ሲጨርሱ ከረጢቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አምስት ሠራተኛ ብቻ ያለው የኤልዳና ስፌት ቤት ግን ማንም ትዝ ያላለው ቤት ስለሆነ እሷ እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ድረስ ያለ ልጓም ቆየች።

ነገሩን የጀመረችው ራሷ ነበረች። ማክቤል ከአራቱ ቀድሞ ልጓም ያስገባ ጊዜ፣ የገና ዕለት ሌሎቹ ቁርጥ ሲቆርጡ ጥግ ተቀምጦ እንባው ወረደ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ለሥጋ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። በማግስቱ ሁለት ቅምሻ ገዝታ መጣች፤ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ነገር ናት፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ይቀምሳል። «አይዞህ ማኪ፣ እኔ እበላልሃለሁ» አለችው። እሱም በደስታ በገዛ እጁ ጠቅልሎ አጎረሳት። ደግነት ነበር። ከዚያ ሶልያና ልጓም ገባላት፣ ከዚያ ናኦል፤ ቅምሻውም አራት ሆነ።

ካርታቸው ዱሮ የተሸነፈ ሻይ የሚያፈላበት ነበር። ማን እንደለወጠው ሳይታወቅ ሕጉ ተለወጠና ዘግቶ ያሸነፈ ሰው ኤልዳናን የሚያጎርስ ሆነ። የሚያጎርሳትን እሱ ይመርጣል፤ ጮማም ይሁን ዱለት፣ ቅቤ የጠጣ ክትፎም ይሁን። ኤልዳና ከዘጋች ግን ማንም አያጎርሳትም፣ ሥጋው እንደተሸፈነ ይመለሳል፣ ሁሉም በጊዜ ወደ ቤቱ። ስለዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ካርታ እየተቀባበሉ ይጫወቱባታል። ይህንን አታውቅም ነበር ለማለት አይቻልም፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። በስፌት ደመወዝ ጮማ አይታሰብም፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወደደችው።

መውደዷ ያበቃው አንድ ሐሙስ እያኘከች ሳለ ዓይኗን የገለጠች ጊዜ ነው። ሌላ ጊዜ እንደነሱ ጨፍና ነበር የምትበላው። የዚያን ዕለት ግን ሦስቱም አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ መንጋጋቸው ከእሷ መንጋጋ ጋር አብሮ ሲፈጭ አየች። ከማክቤል አገጭ ለሐጭ ወርዷል። የሶልያና ጉሮሮ ምንም ሳይገባበት ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ናኦል ምላሱን ጥርሱ መሃል ልኮ እዚያ የሌለ ሥጋ ይፈልጋል። ኤልዳና ማኘክ ስታቆም እነሱም አቆሙ፤ ስትቀጥል ቀጠሉ። አስጠላት። ቤቷ ገብታ አፏን ደጋግማ ታጠበች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ምላሷን ወልውላ ሄደች።

በዚህ ሳምንት ሰኞ የሄደችበት ሐኪም ጉበቷን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ?» አላት። «ጓደኞቼ» አለችው፤ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ከዚያ ልጓም ካላስገባች እንደማያክማት ነገራትና እዚያው፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አስገባላት።

ሐሙስ ከሥራ ወጥታ ወደ ማክቤል ቤት ስትሄድ ያስፈራት ጉበቷ አልነበረም። አፏን ሲያጡ እሷን ይፈልጓት እንደሆነ ነው። ዛሬ አሸንፋ ብትዘጋ ጉርሻም አይኖርም፤ በሳቅና በጨዋታ መሃል ቀስ ብላ ትነግራቸዋለች፣ እነሱም «እንኳንም ታከምሽ» ይሏታል። ይህን በልቧ ስትለማመድ አውቶቡሱ የምትወርድበትን ፌርማታ አሳለፋት።

ናኦል እንደ ልማዱ ሕንፃው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ናኦሌ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትጮህ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ልጓም አስገባሁ። ሰኞ።»

ናኦል የሊፍቱን ቁልፍ ተጭኖ ቀረ። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋና ባዶውን ወጣ።

«ለነማኪ ተናግረሻል?»

«ላንተ ነው መጀመሪያ።»

«እንዳትነግሪያቸው!» አለና ሊፍቱን መልሶ ጠርቶ ክንዷን ይዞ አስገባት። «ዛሬ ትዘጊያለሽ። የምትፈልጊውን ካርታ እኔ እጥልልሻለሁ። ከዘጋሽ ማን ያጎርስሻል? ከዚያ ተረጋግተን አብረን እንነግራቸዋለን።»

«ከዚህ በኋላ ግን የሚጠሩኝ ይመስልሃል?»

«ምን ማለትሽ ነው? አርባ ምናምን ዓመት እኮ ነው፣ ኤልዱ! አፍሽን ነው እንዴ የምንወደው?»

ኤልዳና እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ይህችን አንድ ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ቀን እንደተጨነቀች እሷ ታውቃለች።

ማክቤል በር ከፍቶ ጉንጯን ሳማትና ሳይለቃት አፍንጫውን ወደ አፏ አስጠጋ። «እስቲ እህ በይ… ንጹሕ! የኔ ጨዋ!» አለ። ሶልያና ቅምሻውን ከሣጥኑ አውጥታ፣ በምላሷ ጫፍ አርሳ፣ ከኤልዳና ጆሮ ጀርባ ለጠፈችላት፤ ሦስቱ የየራሳቸውን ቀድመው ለጥፈዋል። በምራቅ ነው ደኅና የሚይዘው። እስከዛሬ በየሐሙሱ እንዲህ ስታደርግላት ልብ ብላው የማታውቀው የምራቁ ቅዝቃዜ አንገቷ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ሲሄድ ተሰማት።

ጠረጴዛው መሃል በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ አለ። ማክቤል የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አሳያቸው። ዳር ዳሩ ነጭ ጮማ የያዘ ቀይ ሥጋ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ። «ከጠዋት ጀምሮ ሳስባት ነው የዋልኩት» አለ፤ ስለ ሴት የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ኤልዳና ከሰኞ ወዲህ የሥጋ ሽታ እርጥብ ውሻ ውሻ ይላታል። በአፏ ተነፈሰች።

ናኦል በወዘ፣ አደለ። ለእያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ፤ አንድ እየሳቡ አንድ እየጣሉ፣ ሦስት ሦስት አራት አራት አድርጎ ቀድሞ የገጣጠመ ይዘጋል። ናኦል ቃሉን ጠበቀ። ስምንት ስትፈልግ ስምንት ጣለላት፣ ንግሥት ስትፈልግ ንግሥት። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳትወርድ ኤልዳና ካርታዋን ዘርግታ «ዘጋሁ!» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጃገረድ ቀጠነ።

ማንም አላጨበጨበም። ማክቤል ካርታዋን አንድ በአንድ ነካክቶ መረመረ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶሻል?» አላት።

«ዕድል ነዋ!»

«ሥጋውስ? ነገ ይጠቁራል እኮ። አንድ ዙር እንጨምር።»

«አዎ፣ ገና በጊዜ ነው» አለች ሶልያና። «ካርታ ናፍቆን አይደል የተሰበሰብነው?»

ኤልዳና ናኦልን አየችው፤ በቅንድቡ «እሺ በያቸው» አላት። በደስታዋ ላይ ልበ ሙሉነት ስለተጨመረላት እሺ አለች። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚለውን ተረት የሰማችው ልጅ ሆና ነው፤ ያን ሰዓት ግን ትዝ አላላትም።

በሁለተኛው ዙር ካርታዋ ቶሎ ገጠመ። የቀራት አንድ የልብ ሰባት ብቻ ነበረች። የልብ ስድስት ጣለችና ናኦልን ቀና ብላ አየችው፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይህ ምልክታቸው ነው፤ ከጎኑ ያለውን ስጠኝ ማለት። ገብቶታል። እጁ ካርታዎቹ ላይ ሄዶ አንዲቱ ጋ ቆመ።

ይህን ጊዜ ማክቤል «እስቲ ትንሽ ትተንፍስ» ብሎ ጨርቁን ከትሪው ላይ አነሳ።

የናኦል ዓይን ከኤልዳና ወደ ሥጋው ሄደ። ማንቁርቱ አንዴ ወጣ ብሎ ወረደ። ጣቱ የነካትን ካርታ ትቶ ሌላ ጣለ። ቀጥሎ በደረሰው ተራም ሌላ ጣለ። ኤልዳና ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችው፤ ጉልበቱን ሸሸት አደረገ። በሦስተኛው ተራ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ቀስ ብሎ «ዘጋሁ» አለ። የልብ ሰባት ከሌሎቹ ሰባቶች ጋር መሃል ላይ ተቀምጣለች።

ማክቤል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ጎበዝ! የዚህን ሰውዬ ጨዋታ እወድለታለሁ!»

ናኦል ተነስቶ እጁን ታጠበ። ጮማውን መረጠ፣ አዋዜ ነካ አደረገ፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰበት፣ ጠቀለለ። ኤልዳና አጠገብ መጥቶ ሲቆም ዓይኗን አላያትም፤ የሚያየው ከንፈሯን ነበር።

«ትንሽዬ ናት» አላት በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ኤልዳና ወንበሯን ወደኋላ ገፋችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልጓም አለብኝ» አለች። «ሰኞ ነው የገባልኝ። ጉበቴን አሞኛል።»

ሶልያና መነጽሯን አወለቀች። ማክቤል ፊቱ ድግሱ የተበላሸበት ሰው ፊት ሆነ።

«ሰኞ ገብቶልሽ ዛሬ ነው የምትነግሪን?»

«ፈራሁ፣ ማኪ።»

«ምኑን ፈራሽ? ይህ ሁሉ ሥጋ ተገዝቶ!»

«እንዳትተዉኝ።»

ጉበቷን የጠየቃት የለም። ሶልያና ሰልፍ ያዛነፈ ክፍል እንደምታስተካክል ሁሉ ረጋ ብላ «ልጓም የሚዘጋው ጉሮሮን ነው» አለች። «ምላስን አይዘጋም። መዋጡ ለምን ያስፈልጋል? ታላምጠውና ትትፋው። እሷ የእኛ ዓይነት ዋስትና የላትም፣ ማን ይናገርባታል?»

«እውነት!» አለ ማክቤል። ከወጥ ቤት የእጅ ማስታጠቢያውን ሰሃን አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። በትሕትና ነው ያስቀመጠው፤ ቀሚሷ እንዳይነካ ፎጣ ሁሉ አነጠፈላት።

ኤልዳና ናኦልን አየችው። አንድ ቃል እንዲናገርላት ጠበቀች፤ ብዙ አይደለም፣ ሊፍቱ ውስጥ ያላትን ብቻ ቢደግመው ይበቃት ነበር።

«አንድ ጉርሻ እኮ ናት፣ ኤልዱ» አለ ናኦል። የአዋዜው ዘይት በእጅ አንጓው ላይ ወርዷል። «እጄን ትመልሺብኛለሽ?»

በሩ ከጀርባዋ ነው። ጫማዋም እዚያው አለ። ተነስታ ብትወጣ ማንም አያስቀራትም፤ ማንም ደግሞ አይጠራትም። ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ ብቻዋን የምትሰማው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ታሰባት። አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ ጮማው ነበር፤ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ሚጥሚጣው ከላይ የሚቆጠቁጥ። ከዚያ ልጓሙ ነቃ። ጣዕሙ ተገለበጠና እርጥብ አመድ፣ የዛገ ሚስማር፣ የቆየ የእቃ ማጠቢያ ውሃ ሆነ። ጉሮሮዋ ተዘጋ። በዚያ ላይ የናኦል ጥፍር ከንፈሯን ሲነካ፣ የማክቤል የተንጠለጠለ አፍ ከፊቷ ሲተነፍስ፣ የሶልያና ምራቅ ከጆሮዋ ጀርባ ሲደርቅ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያኘከችው ነገር፣ የሰው ሥጋ ይመስል፣ አንድ ላይ ወጥቶ ምላሷ ላይ ተከመረ። ሰሃኑ ላይ አጎንብሳ ተፋች፤ በዚህም አላበቃም፣ ሐሞቷ እስኪወጣ አስመለሳት።

ገደልኳቸው ብላ ደነገጠች፤ እሷ የቀመሰችውን እነሱም ቀምሰውታልና። «ይቅርታ፣ ይቅርታ…» እያለች አፏን በፎጣው ጠርጋ ቀና አለች።

ሦስቱም ፊታቸው ቀልቷል። የማክቤል እንባ በሁለቱም ጉንጮቹ ይወርዳል፣ ግን ይስቃል። ሶልያና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሞቀኝ… ኧረ ሞቀኝ» ትላለች፤ እንዲህ ሆና ያያት የለም። ናኦል ወንበሩን ተደግፎ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከንፈሩን ይልሳል።

«ምንድን ነበር እሱ?» አለ ማክቤል። «ዱሮ ስንቀምሰው የኖርነው ይሄንን ጮማ ነው እንዴ? አንድም ቀን እኮ እንዲህ ወደ አንጀቴ ወርዶ አያውቅም!»

«እኔ ልጓም ካስገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም» አለች ሶልያና። «ለራስ ሲሆን መታነቅ ነው። በሷ ሲሆን ግን…» አልጨረሰችውም፣ ምላሷን ጥርሷ ላይ አዙራ አጣጣመች። «ሐሙስ ብቻ ለምን ይሆናል? ማክሰኞም እንጨምር።»

«እሑድስ ምን አላት?» አለ ማክቤል። «ደግሞ እንዳትቀሪ፣ ኤልዱ። አንቺ ከሌለሽ ይህ ቤት ቤት አይደለም።»

ኤልዳና መንገዱን ሙሉ ስትመኘው የነበረውን ቃል ሰማች። ቃሉ ሳይጎድል ሳይሰነጠቅ፣ ከወዳጆቿ አፍ፣ ከእንባ ጋር። ጭኗ ላይ ያለው ሰሃን ገና ይሞቃል።

ናኦል ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ ቀርቧል። «አንዱ ያጣላል፣ ሁለቱ ያፋቅራል» አለ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው።

ኤልዳና ቅምሻውን ከጆሮዋ ጀርባ ነቅላ ካርታዎቹ መሃል ወረወረችው። ብድግ አለች። ሰሃኑ መሬት ወደቀ፤ ማንም ወደ ሰሃኑ አላየም።

«ተጸየፍኳችሁ!» አለች። «ሥጋውን አይደለም። እናንተን ነው። ሦስታችሁንም፣ አንተንማ በተለይ፣ ናኦል! ተጸየፍኳችሁ!»

ናኦል አልተቆጣም፣ አላፈረም። ቅምሻውን ከካርታው ላይ አነሳና በምላሱ ጫፍ አርሶ ዘረጋላት።

«እናውቃለን፣ ኤልዱ» አላት። «የጣፈጠን እኮ እሱ ነው።»